ማዘር፣ አንዴ ይድገሙልን

ኧረ ካሜራ ሰለቸን! ቀጨኔ ውስጥ ዛሬ ዛሬ ጭቃ ከሚያቦካው ሰው ይልቅ ጭቃ ሲቦካ የሚቀርጸው ሊበዛ ምንም አልቀረው።

አንድ ቅዳሜ ከመድኃኔዓለም ስመለስ አክስቴ ግቢ ሦስት ወጣቶች ቆመዋል። አንዱ ካሜራ ይዟል፣ አንዱ ማይክ፤ ሦስተኛው ባዶ እጁን ያዝዛል። አክስቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ከእሳት ካወጣችው ውስጥ ሁለት ጀበና ተሰንጥቆባታል። አንስታ አየችና «እህ» ብላ ወደ ጎን አኖረችው። አለቀ። ዕድሜዋን ሙሉ ሸክላ ስታቃጥል የኖረች ሴት ለሁለት ጀበና ማቅ አትለብስም።

አዛዡ ግን አልተዋጠለትም። «ማዘር፣ አንዴ ይድገሙልን። ትንሽ ስሜት ይጨምሩበት።» ደገመች። «አሁን ደግሞ ምንም ሳይናገሩ መሬት መሬት ይዩ።» አየች። በመጨረሻ ደህናውን ጀበና ይዘው እሱንም እንስበረው አሉ። «ዋጋውን ክፈሉና ስበሩት» ስትላቸው ተሳስቀው ተዉት።

ይህ ሰፈር ስንት ዘመን በዓይን ታምቷል። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ አያቶቻችን ተገልለው ኖሩ። ጀበናቸውን ግን ያልገዛ የለም። አሁን በዓይን የሚበላው ማን ሆኖ ተገኘ?

ቤት ገብተው ቴሌቪዥን ሲከፍቱም ማረፊያ የለም። የተጠፋፉ እናትና ልጅ ሊገናኙ ነው፤ ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች፤ እናትየዋ እጇን ዘርግታለች። ማስታወቂያ! ሳሙና፣ ቀለም፣ አፓርታማ። ሃያ ዓመት የጠበቀች እናት ሳሙናው እስኪያልቅ ትጠብቅ። ስልክ ሲከፍቱ ደግሞ ቲክቶክ ላይ «ባትል» ነው፤ ጎረምሳ ሁሉ «አንበሳ ላኩልኝ» እያለ ስጦታ ይለምናል።

የድምፅ ውድድሮቹን አልጠላም። ዘፋኙ ቢያንስ ይዘፍናል፤ ዳዊት ጽጌን ያሳየን ባላገሩ አይዶል ነው። የማይገባኝ ከዘፈን በፊት የሚመጣው የችግር ታሪክ ነው። እናትየዋ ደሃ ስለሆነች ልጁ ቅኝት አይስትም እንዴ?

በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አንዲት የኛ ልጅ ቢግ ብራዘር አፍሪካ ገብታ አገር እንዴት እንደተቆጣ ታስታውሳላችሁ። «ምን ጉድ ነው!» ያላለ አልነበረም። «እኔ አላየሁትም» ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ፈረንጆቹ የሰው ኑሮ ቀርጾ በማሳየት ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ1973 ላውድ የሚባሉ የካሊፎርኒያ ቤተሰብ ጓዳቸው ሳይቀር ተቀርጾ በ12 ክፍል ለአሜሪካ ሕዝብ ታየ። ባልና ሚስቱ በዚያው ቀረጻ መሃል ተለያዩ። ዣን ቦድሪያር የሚባለው ፈረንሳዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ቤተሰብ አንስቶ ካሜራው ባይገባ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር የሚለውን ጥያቄ ያመላልሳል። ምሁራኑ ድኅረ ዘመናዊነት ሲሉት የሚከርመው ነገር እኔ በገባኝ መጠን ይኸው ነው፤ ምስሉ ይቀድምና ኑሮው ከኋላ እየሮጠ እሱን ለመምሰል ይደክማል። ላውዶች ሩቅ ናቸው ብዬ ተውኳቸው እንጂ፣ ለካ እዚሁ ነው!

ከሁለት ሳምንት በኋላ አክስቴ በቴሌቪዥን ቀረበች። «እህ» ያለችው ቀርቷል። መሬት መሬት ያየችው ተረዝሞ፣ ዋሽንት ገብቶበት፣ ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶት ታየ። በማግስቱ የእድሩ ሴቶች «ምነው፣ ምን ሆንሽብን?» እያሉ መጡ። ለሁለት ጀበና ለቅሶ ተደረሰ። ቡናውን ያፈላችውም ራሷ ናት፤ ስኳሩም የሷ።

ከዚያ የባሰው ፕሮግራሙ ሲደገም መጣ። አብረን እያየን ዘወር ስል እንባዋ ወርዷል።

«ውይ፣ አሳዘነችኝ» አለች።

«ማን?»

«እሷ ናታ!» ብላ በጣቷ ቴሌቪዥኑን አሳየችኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ምጣድ ተሰነጠቀባት። ግቢው ውስጥ ከእኔና ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረም። «እህ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ምጣዱን አስቀመጠችና ምንም ሳትናገር መሬት መሬት ታይ ጀመር። ቆየች። ማን መጥቶ ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ።