እሷ ትነዳለች፣ እርስዎ ይነዳሉ

ጋሽ ፍሬንን የማያውቅ አለ? ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። የሚሄድ ነገር ባዩ ቁጥር ካልያዝኩ ስለሚሉ ነው «ፍሬን» የተባሉት። ጊንጪ አንድ አሉ። ጉደርም አሉ። አምቦማ ጋዙ ያስነሳቸው መዓት ናቸው። የባኮው ግን ለብቻቸው ናቸው። አስፋልቱ ዳር ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተሰይመው ወደ ነቀምቴ የሚያልፈውን ሁሉ ሲገመግሙ ይውላሉ። መኪና ሲያልፍ «ቀስ!» ባጃጅ ሲያልፍ «ቀስ!» አህያ ስታልፍ «እንዲህ ነው እንጂ!»

ሰሞኑን ታዲያ አንድ ጎረምሳ ስልኩን አሳያቸው። አንዲት አፍሪካዊት ልጅ ሞተር ላይ ቆማ ከአፈር ጉብታ ስትወነጨፍ። ሻይ የምታቀርበው ልጅ በትከሻቸው ላይ አጮልቃ አየችና «እኔም እሞክረው ነበር!» አለች። አለቀ። ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ። ስኳሩ ሳይማሰል ሟሟ። «ሴት ልጅ? በሞተር? እየዘለለች?»

ጋሽ ፍሬን፣ እሷ ብትነዳ እርስዎን ምን አነደደዎት? እሷ ትነዳለች፣ እርስዎም ይነዳሉ። የሷ በቤንዚን ነው፤ የእርስዎ በምንድን ነው? እሷ ነጂ፣ እርስዎ ነዳጅ። ማደያ ተሰልፋችሁ የምትውሉ ባለባጃጆች፣ ኑ ተመልከቱ! ባኮ መሃል አንድ ባኮ ክብሪት ሳይከፈት የተያያዙ ሰው እነሆ። ቶሎ ቅዱ፤ ነገ ዋጋቸው ይጨምራል።

«ሞተር እኮ ሞት አለበት፤ ስሙ ራሱ ይናገራል» አሉ። ይገርማል። ወንድ ሲነዳው «ር»ን አጥብቀው ይጠሯታል። ሴት ስትነዳው ዋጥ ያደርጓታል። ጋሽ ፍሬን፣ «ር»ን ይመልሱ! የሕዝብ ፊደል ናት።

ደግሞስ ሴት ሞተር ላይ ዛሬ ነው ያዩት? በገበያ ቀን በዚሁ በረንዳ ፊት የሚያልፈውን እናስታውስ። ጎረምሳው ከፊት። ከኋላው እናት። ጀርባዋ ላይ ሕፃን፣ ጭኗ ላይ ጀሪካን። ከመሪው ላይ ቁልቁል የተንጠለጠለ ዶሮ። ሄልሜት ያደረገ የለም፤ ዶሮውም ጭምር። ያኔ እርስዎ ምን አሉ? «በሰላም ግቡ!» አሉ። ሞት ያኔ የት ነበር? ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር? ሴቲቱ ከኋላ ስትፈናጠጥ ጨዋ፤ አንድ ክንድ ወደፊት ስትጠጋ ዱርዬ። በክንድ የሚለካ ጨዋነት ሸማ ነው፤ ሽመና ሰፈር ይውሰዱት።

አደጋ የለውም አላልኩም። አጥንት ይሰብራል። ትከሻ ያወልቃል። ለዚህም ነው የዚህ የጉብታ ዝላይ ስፖርት፣ የሞቶክሮስ፣ ተወዳዳሪ ሄልሜት ከነመነጽሩ፣ የደረትና የጉልበት መከላከያ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ ሳያደርግ ሜዳ የማይገባው። ሜዳው ደግሞ የታጠረ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ አይሱዙ የለም። ድንገት የሚያቋርጥ በሬ የለም። ከጌዶ ወደ ባኮ ያንን ቁልቁለት በነጠላ ጫማ የሚበረውን ወንድምዎን ልጅ ግን «ጀግና!» ይሉታል። ጀግናው ፍሬን ሲይዝ በጫማው ሶል ነው።

እና አንድ ነገር ልንገርዎት። የሞቶክሮስ ሞተር መብራት የለውም። ታርጋ የለውም። ስፖኪዮም የለውም፤ ወደኋላ እያየ የሚነዳው ስለሌለ። እርስዎ በተቃራኒው ነዎት፤ ሞተር የሌለው ስፖኪዮ።

«ከባድ ነው፤ መሪውን መያዝ አይሆንላትም!» መሪ ጨብጦ ስንቱን ገደል የከተተ ወንድ አለ። የቱን መሪ እንደሆነ አልተናገርኩም። ሞተሩ ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ እውነት ነው። የባኮ ልጅ ግን 20 ሊትር ውሃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ስትወጣ ኖራለች። ሞተሩ ቢያንስ እሷን ይሸከማታል። እርስዎ መቼ ተሸክመዋት ያውቃሉ? በዓለም ሻምፒዮናው ሴቶቹ 20 ደቂቃ ነድተው ሁለት ዙር ይጨምራሉ፤ ይህንንም ሁለት ጊዜ። እርስዎ ከበረንዳው እስከ ጓሮ ድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ጭሱ ያፍናታል? የምድጃ ጭስ ስትጠጣ ያደገች ልጅ የማርሚታ ጭስ ሽቶዋ ነው። «ኧረ እግዜር ይማርሽ!» ሲሏት እሷ ሦስተኛ ማርሽ አስገብታለች።

«የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለአፍሪካ ሴት አይሆንም።» ቆይ፣ ስልኩ ላይ ያዩዋት ማን መሰለችዎት? ታንያ ሙዚንዳ ትባላለች። የሐራሬ ልጅ ናት፤ ዚምባብዌያዊት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ሞተር ላይ የወጣችው በ5 ዓመቷ። እርስዎ በ5 ዓመትዎ ምን ላይ ነበሩ? አጥር ላይ። አሁንስ? አሁንም አጥር ላይ። አባቷ ራሱ ሞተረኛ ነበር፤ ሴት ናት ብሎ ቁልፉን አልደበቀባትም። ስፖርቱ በዚምባብዌ ከታወቀበት እ.ኤ.አ. ከ1957 ወዲህ ሻምፒዮና ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላለች። የሐራሬ ጋሽ ፍሬኖች ያን ሁሉ ዘመን «አይሆንላትም» ሲሉ ከርመው አንዲት ልጅ ጭቃ አልብሳቸው አለፈች። እ.ኤ.አ. በ2017 እንግሊዝ ሄዳ በልጆች ሻምፒዮና 3ኛ ወጣች። «ሦስተኛ ብቻ?» እንዳይሉ! እርስዎ የት ሄደው ስንተኛ ወጡ? ጣሊያናዊቷ የቀድሞ ሻምፒዮን ስቴፊ ባው አሠልጥናታለች። ፕሮፌሽናል ልሁን ብላም አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ገባች። በዚህ መሃል ሐራሬ ላሉ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍላለች። ዱርዬዋ የሰው ልጅ ታስተምራለች፤ ጨዋው የሰው ልጅ ያማል።

ፈረንጅ ለዚህ ስፖርት ያዋጣው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዞች ጭቃና ጉብታ ላይ በሞተር ተሽቀዳደሙ፤ ይኸው ነው። ጭቃ የለንም? ጉብታ አነሰን? ክረምት ሲገባ የባኮ ቀይ አፈር ጫማ ይቀማል። ሌላው ዓለም ለውድድር ሜዳ በማሽን አፈር ይቆልላል። እኛ ከአስፋልቱ ወረድ ስንል ሁሉም ሜዳ ነው። ስንት ዓመት ሳናውቀው በባጃጅ ሞቶክሮስ ስንወዳደር ኖረናል፤ ያውም ሒሳብ እየከፈልን።

«ይሁን፤ ግን ይህ የአዲስ አበባ ነገር ነው። ባኮ ትንሽ ከተማ ናት።» ኮርትኒ ደንከን የምትባል ኒውዚላንዳዊት አለች። የመጣችው በጉ ከሰው ከሚበዛበት አገር፣ ያውም ከትንሽ የገጠር ከተማ ነው። ጉዳት ደጋግሞ ካደናቀፋት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ2020፣ በ2021 እና በ2023 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በጎቹ ተቃውሞ አላሰሙም። ባኮ ደግሞ ማን ትንሽ አላት? የግብርና ምርምር ማዕከሏ ያወጣውን በቆሎ አገር ይዘራዋል። ስሙስ? ቢኤች 660! ባኮ ሃይብሪድ ማለት ነው። የሞተር ሞዴል አይመስልም? ለበቆሎዋ እንዲህ ያለ ስም ያወጣች ከተማ 250 ሲሲ ሞተር ሲባል ምን አስበረገጋት? 660ውን እሸት ጠብሰው ሲግጡ አልደነገጡም። ከተማዋ ባኮ ስለተባለች ሴቶቿን አሽጋችሁ አስቀምጡ ያላችሁ የለም።

«ሴትና ፍጥነት አይገናኙም!» ኧረ? በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ጋቢውን እየወረወሩ የጨፈሩት እርስዎ አልነበሩም? በእግር ሲሆን ወርቅ፣ በጎማ ሲሆን ነውር? ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የአውሮፕላን በረራ ትማር ነበር። በህዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ፣ ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ ሴቶች ብቻ ሆነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ባንኮክ አሳረፈች። እርስዎ እኮ አውሮፕላን ሲያልፍ ባርኔጣዎን ይዘው «አይ ጥበብ!» ይላሉ፤ ማን እንደሚነዳው ሳያዩ። ሴት ልጅ በአሥር ሺህ ሜትር ከፍታ ስትበር ኩራታችን፣ ሦስት ሜትር ስትዘል ውርደታችን? ሰማዩን ፈቅደው ጉብታውን ይከለክላሉ?

«ብንመክራትም አትሰማም!» አለመስማቷ ነው ደጉ። አሜሪካዊቷ አሽሊ ፊዮሌክ መስማት ሳትችል ነው የተወለደችው። ሌላው የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ ማርሽ ይቀይራል፤ እሷ በንዝረቱ። አራት ጊዜ የአሜሪካ የሴቶች ሻምፒዮን ሆናለች፤ ሆንዳም የፋብሪካው ቡድን ውስጥ አስገብቷታል። ምስጢሩ ለኔ ግልጽ ነው። ጋሽ ፍሬን የሚሉት አንዱም አይሰማትም! ጆሮ ያላቸው የባኮ ልጆች ይህን ዕድል ከየት ያምጡት? ከሄልሜት። ጭንቅላትም ይጠብቃል፣ ምክርም ይከለክላል።

ይኼኔ ጋሽ ፍሬን የኪሳቸውን ድንጋይ መዘዙ። ሻያቸውን ፉት። ጉሮሯቸውን ጠረግ። ግራ ቀኝ አዩ፤ ታዳሚው እንዳይበተን። «እሺ፣ ይሁን። ማን ያገባታል?»

ማን እንደሚያገባት አላውቅም፣ ጋሽ ፍሬን። እርስዎን ግን አያገባዎትም!

ለሚያገባት ሰው ደግሞ አንድ ምክር አለኝ፤ አያስኮርፋት። በሞተር ያኮረፈች ሚስት ሽማግሌ ልኮ አይደረስባትም። ስለ ልጅም ከሆነ ጭንቀትዎ፣ ጣሊያናዊቷ ኪያራ ፎንታኔዚ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆና፣ ወልዳ፣ ተመልሳ ተወዳድራለች። «ማሕፀኗ ይናወጣል» ሲሉ ነበር። የተናወጡት ባዮቹ ናቸው።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ታዳሚዎቹ። ልጅቷ የጎደላት የበረንዳው ፈቃድ አይደለም። ሞተር ነው። ሜዳ ነው። አሠልጣኝ ነው። ይህ ስፖርት ብር ይበላል፤ ጎማው ያልቃል፣ ካቴናው ይረግባል፣ ካንዴላው ይቆሽሻል፣ ሞተሩ በየጊዜው ይፈታል። ታንያ ሙዚንዳም ብትሆን ብቻዋን አልወጣችውም፤ ቤተሰብና ደጋፊ ከኋላዋ ነበር። እንግዲህ ወረዳው ለእርሻ የማይሆን አንድ ጉብታ ይፍቀድ። ጎረምሶች፣ ዶማ አንሱ። ባለጋራዦች፣ ልጅቷን «ሻይ አምጪ» ማለቱን ትታችሁ ካቴና ማጥበቅ አሳዩአት። ጋሽ ፍሬንም ሥራ አይፈቱም። በሞቶክሮስ ሜዳ ዳር ቢጫ ባንዲራ የሚያወዛውዝ ሰው ይቆማል፤ ትርጉሙ «ቀስ» ነው። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሠልጥነውበታል፤ ደመወዝ ብቻ ነው የቀረው።

የመለዋወጫ ሱቅ ያላችሁ የአምቦና የነቀምቴ ነጋዴዎች፣ በሚቀጥለው ጭነት ትንሽ ቁጥር ሄልሜት ጨምሩ። ሹሩባ የሚያስገባ ይሁን።