ውዳሴ ኮንሰርት

ባለፈው የዘመን መለወጫ ዋዜማ የተደረገልኝን ነገር እስካሁን ሳልመሰክር መቆየቴ ውለታ ቢስ ያሰኘኛል። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ በድምፃቸው የተቃጠልኩላቸውን፣ ለመጀመሪያ ፍቅሬ ከላክሁት ደብዳቤ ግማሹን ከዘፈናቸው የገለበጥኩላቸውን፣ በሠርጌ ዕለት ሙሽራዋ «ሌላ ዘፋኝ የለም ወይ?» እስክትል ድረስ ያስከፈትኩላቸውን ታላቅ ድምፃዊ በዐይኔ በብረቱ አየኋቸው። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ የእርሳቸው ዓይነት ትሑት ሰው በአደባባይ ሲወደስ ይሸማቀቃልና። ለትክክለኛነት ያህል፣ ያየኋቸው ከፊቴ የቆመው ረጅም ልጅ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ በያዘው ስልክ ውስጥ ነው። የስልኩ መስታወት መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ስለነበር ሁለት ሆነው ታዩኝ፤ በአንድ ቲኬት።

የቲኬቱ ዋጋ መደበኛ የሚባለው 1,500 ብር ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ በማውጣቴ ያዘነልኝ ወዳጅ አለ፤ የቆየ ዕዳ እንዳለብኝ ግን አያውቅም። የድምፃዊውን አልበም እንደ ሰፈሬ ሰው ሁሉ ያገኘሁት ከሙዚቃ ቤት፣ ፍላሽ ላይ በ20 ብር አስጭኜ ነው። በሦስተኛው ዘፈን መካከል፣ አዝማቹ ሊመለስ ሲል፣ አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ የሙዚቃ ቤቱን ስምና የሚገኝበትን ሕንፃ ይናገራል፤ ከመልመዴ የተነሣ የግጥሙ አካል መስሎኝ አብሬው እለዋለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። በነዚህ ዓመታት ካሴቱም ሲዲውም ከገበያ ጠፍተው፣ ዘፋኝ እንጀራውን የሚለቅመው ከመድረክ ላይ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ 1,500 ብሩን ስከፍል ንስሐ የገባሁ ያህል ቀለለኝ። ገንዘቡ ከስልኬ የወጣው ገና ጣቴን ሳላነሣ ነው። ቲኬቱ የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ አምስት ጊዜ ደውዬ ነው። ንስሐም እንዲሁ ነው፤ ስርየቱ ይዘገያል።

ቲኬቱ ላይ የሰፈረችው አንዲት ዐረፍተ ነገር አሁን ድረስ ታስደምመኛለች፦ «በር የሚከፈተው በ11 ሰዓት ነው።» ልብ በሉ፤ ዘፈኑ መቼ እንደሚጀመር አትልም። ድምፃዊው ይመጣሉም አትልም። የሰምና ወርቅ ሀገር ልጆች መሆናችን እንዲህ ባለው ቦታ ነው የሚታወቀው፤ ሰሙ በር ነው፣ ወርቁን የሚያገኘው የታገሠ ነው። ለነገሩ በሩም የተከፈተው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነበር። አዘጋጆቹ ግን ይህን ሁለት ሰዓት እንኳ በከንቱ አላሳለፉብንም፤ ከማላውቃቸው አራት ሺህ ያህል ሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ አስተዋውቀውናል።

በር ላይ የቆመው ፈታሽ ወጣት ጃንጥላችንን በሁለት እጁ፣ ስጦታ እንደሚቀበል ሰው ተቀበለን። «ጋሼ፣ ሹል ነገር አይገባም» አለኝ። ታናሽ እህቴ ሰማዩን አሳየችው። እርሱም ሰማዩን አይቶ አዘነልን፤ ጃንጥላውን ግን አልመለሰም። የፕላስቲክ ውሃችንንም ለደኅንነታችን ሲል ያዘው፤ ያው ዓይነት ውሃ ከበሩ አሥር እርምጃ ገባ ብሎ በአራት እጥፍ ዋጋ ስለሚሸጥ የጎደለብን ነገር አልነበረም። ዝናቡ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመረ። የጳጉሜን ዝናብ ጠበል መሆኑን ከእናቴ ነው የተማርኩት፤ በልጅነታችን ሩፋኤል ዕለት ራቁታችንን ዝናብ ላይ የምንሮጠው ለዚሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጃንጥላ የሸሸሁትን በረከት ያ ፈታሽ በአንድ ሌሊት ካሰልኝ። እህቴ ይህ አልገባትም። «ወንድም ጋሼ፣ ቤታችን ስፒከር አለን እኮ» አለችኝ። ልጅ ናት። አንድ እግር ጫማዋን ጭቃው ወስዶባት ስለነበርም አልፈረድኩባትም።

አሁን ወደ ጥበቃው ልምጣ፤ የሌሊቱ ትልቁ ማዕድ እርሱ ነበርና። መድረክ መሪው እጅግ የተከበረ፣ አንደበቱ ማር የሚያዘንብ ሰው ነው። ሦስት ሰዓት ላይ «ከአምስት ደቂቃ በኋላ!» አለን። አራት ሰዓት ላይም፣ አምስት ሰዓት ላይም ያንኑ ቃል ሳያዛንፍ ደገመልን። ቃሉን የሚለዋውጥ ሰው በበዛበት ዘመን ከአመሻሽ እስከ እኩለ ሌሊት በአንድ ቃል የጸና ሰው ማየት እንዴት ያጽናናል! በየመካከሉ ስፖንሰሮቹን ያመሰግናል። ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ጭቃ ውስጥ ተተክዬ፣ ውሃ ከአፍንጫዬ ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ የመዋኛ ገንዳ ስላለው ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ በአሥር በመቶ ቅድመ ክፍያ የማገኝበትን ሁኔታ ሰማሁ፤ ሰባት ጊዜ። በሰባተኛው ላይ የወለሉን ስፋት በቃሌ አውቀው ነበር።

እኩለ ሌሊት ሲደርስ አሮጌው ዓመት እየተቆጠረ ሊሸኝ ነበር። ሆኖም የሳሙናው ማስታወቂያ ገና ስላላለቀ፣ ስፖንሰርን ማቋረጥ ደግሞ ነውር ስለሆነ፣ አዲሱ ዓመት እኛ ዘንድ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ገባ። ከአጥር ውጭ ያለው ሕዝብ ርችት ተኩሶ፣ ተሳስሞ፣ ጨርሶ ሲበተን እኛ አሁንም አሮጌው ዓመት ውስጥ ነበርን። ከዓለም በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታ ቅር የማይላት ሀገር ልጅ ለሃያ ደቂቃ አይከፋውም። እንዲያውም ዕድሜዬ ላይ የተጨመረች ምርቃት አድርጌ ነው የቆጠርኳት።

ቆሜ ሳለሁ የጥንቶቹ ተመልካቾች አሳዘኑኝ። ጥላሁን ገሠሠና ማህሙድ አሕመድ ይዘፍኑበት የነበረውን የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አስቡት። ሙዚቀኞቹ የደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮች ነበሩ፤ እንዲህ በአለቃና በደንብ የታጠረ ሰው ልቡ ሲፈቅድ የመምጣትን ነጻነት ከየት ያገኘዋል? አድማጩም ገና ሳይናፍቅ ዘፈኑ ይጀመርበታል። በደርግ ዘመን ደግሞ ሰዓት እላፊ ታውጆ ሳለ፣ ባንድ ለመስማት ሆቴል የገባ ሰው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ያ ውብ ባህል አዋጁ ሲነሣ ጠፍቶ ይቀራል ብለን ስንሰጋ፣ የዛሬዎቹ አዘጋጆች ያለ አዋጅ፣ ያለ ዘብ፣ በገዛ ገንዘባችን ጠብቀው አቆዩልን። ያውም የዚያን ጊዜው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ባንዱ ሲጫወት እየሰማ ነበር የሚነጋለት። ምን ዓይነት ድካም ነው!

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መድረኩ በጢስ ተሞላ። ጢሱ በጣም ለጋስ ስለነበረ ፊት ለፊት የቆሙት ሲያስሉ እኛ ጋ ድረስ ተሰማ። ሲገፈፍ ስድስት ጠባቂዎች ታዩ፤ በጠባቂዎቹ መካከል ጥቁር መነጽር ታየ፤ መነጽሩ ውስጥ እርሳቸው ነበሩ። ረጅሙ ልጅ ስልኩን አነሣ። ዕንባዬ መጣ፤ ዝናቡም እየወረደ ስለነበር ማንም አላየብኝም።

«አዲስ አበባ፣ እንዴት ናችሁ?» አሉን። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ለጠበቀ ሕዝብ ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ አልቀረበለትም። ደኅና ነን አልን። «አልሰማኋችሁም!» አሉ። በቀኝ በኩል ያለው ሞንታርቦ ዝናብ ገብቶበት ስለነበር እኛም እርሳቸውን በደንብ አልሰማናቸውም፤ ታላቁና ታናሹ፣ ዘፋኙና ከፋዩ፣ እንዲህ እኩል ሆነው የቆሙበት ሌላ አጋጣሚ ካለ ይነገረኝ።

ከዚያም ዘፈኑ መጣ። መግቢያው ገና ሲሰማ ማይክሮፎናቸውን ወደ እኛ ዘረጉ። የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈንላቸው። አዝማቹንም ዘፈንላቸው። ሁለተኛውን ስንኝ ሴቶቹ ብቻ፣ ሦስተኛውን ወንዶቹ ብቻ እንድንዘፍን ሥራ አከፋፈሉን። እርሳቸው በዚያ ዘፈን ውስጥ አሥር ቃላት አወጡ፤ «እጅ ወደ ላይ» ሦስት ጊዜ፣ «እወዳችኋለሁ» አንድ ጊዜ። ሌላው ዘፋኝ የሰውን ገንዘብ ተቀብሎ ድምፁን ያሰማል፤ እርሳቸው ግን የእኛን ድምፅ ሊሰሙ ያን ሁሉ መንገድ መጡልን። መታጠቢያ ቤት ብቻውን የሚዘፍን እንደ እኔ ያለ ሰው ባለ ስድስት ጠባቂ አድማጭ አገኛለሁ ብሎ ያስብ ነበር?

ማህሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርታቸውን ሲያቀርቡ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ራሳቸው ዘፈኑ። የጥንት ሰው የለመደውን ሥራ ለሌላ አይተውም፤ ምን ይደረግ።

በቪአይፒው በኩል፣ ድንኳን ሥር፣ በ6,000 ብር የገቡት ክቡራን መድረኩን በጀርባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ከጀርባ የሚሰማ ሙዚቃ ወደ ልብ እንደሚቀርብ የሚያውቅ የከፈለ ነው።

ሦስተኛውን ዘፈን ግን እርሳቸው ዘፈኑት። ድምፃቸው አልበሙን ባወጡበት ዘመን እንደነበረው ሆኖ ፈሰሰ፤ አንዲት ጉሮሮ መጥረግ የለችበትም፣ አንዲት ትንፋሽ አልተዛነፈችም። አልበሙ ላይ አብራቸው የተቀባበለችው ድምፃዊት አሜሪካ ከገባች ስንት ዓመቷ ነው፤ እርሷም በሰዓቷ ገብታ ድርሻዋን ተወጣች። ድምፃዊያችን መሐል ላይ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ሲያስሩ ማይክሮፎኑን ብብታቸው ሥር ሸጉጠውት ነበር፤ ድምፃቸው ግን ከብብታቸውም የጠራ ሆኖ ወጣ። ቃል የለኝም። አዝማቹ ሊመለስ ሲል፣ ልክ በቦታው፣ በግራ በኩል ካለው ሞንታርቦ ያ ጎርናና ድምፅ መጣና የሙዚቃ ቤቱን ስምና የሚገኝበትን ሕንፃ ተናገረ።

ለካ እኔና እርሳቸው ከአንድ ፍላሽ ነው የምንጠጣው! በ1,500 ብር ልከፍለው የመጣሁት ዕዳ በ20 ብሩም የጋራችን ኖሯል። አፌ እንደ ልማዱ አብሮ አለው። ቀና ስል እህቴም ትለዋለች፤ ረጅሙ ልጅም፣ በረንዳ ላይ ያሉት ፖሊሶችም፣ ሜዳው በሙሉ፣ አራት ሺህ ሕዝብ በአንድ አፍ የሙዚቃ ቤቱን አድራሻ እስከ ፎቁ ቁጥር ዘመረው። የሌሊቱ ከፍተኛ ድምፅ ያ ነበር። ድምፃዊያችንም በዚያች ቅጽበት ማይክሮፎኑን ወደ እኛ ዘርግተውልን ነበር። «አሁን ሰማኋችሁ!» አሉ።

አራተኛው ዘፈን ተጀምሮ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ስለጨረሰ ዕረፍት ወሰደ። በጨለማው ውስጥ የስልክ መብራት ስናበራ ሜዳው ሁሉ ጥምቀት መሰለ፤ በዚያ ብርሃን የስድስቱ ጠባቂዎች ጀርባ ሲርቅ አየን። ከመጡ አርባ ደቂቃቸው ነበር። «ይደገም! ይደገም!» እያልን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ቆምን። መድረክ መሪው በባዶ ጉሮሮው፣ ያለ ማይክሮፎን፣ «ከአምስት ደቂቃ በኋላ» እንዳለን ከፊት የነበሩት ነግረውናል።

ጃንጥላችን በሩ አጠገብ ከተከመረው ውስጥ አልተገኘም፤ የተሻለ አገኘን፣ የማን እንደሆነ አናውቅም። እህቴ በአንድ እግር ጫማዋ፣ እኔም በካልሲዬ ውስጥ ጭቃ ይዤ፣ ሊነጋጋ ሲል ታክሲ ለመንን። ሹፌሩ ደግ ሰው ነበር። ወንበሩ ላይ ፌስታል አንጥፎልን ሙዚቃ ከፈተ። የእርሳቸው ዘፈን ነበር፤ ሦስተኛው። ስንኞቹ በሙሉ አሉ፣ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፣ ሴትዮዋም በሰዓቷ ገባች። አዝማቹ ሊመለስ ሲል ያ ጎርናና ድምፅ አድራሻውን ተናገረ፤ ሹፌሩም መሪውን እያዞረ ከንፈሩን አብሮ አንቀሳቀሰ።

«ጋሼ፣ ኮንሰርቱ እንዴት ነበር?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

«ልክ እንዲህ» አልኩት። ድምፄ ከመዝፈን ብዛት ተዘግቶ ስለነበር ሁለት ጊዜ መድገም ነበረብኝ።

ለበዓል ነው ብሎ እጥፍ አስከፈለኝ። የሚቀጥለው ዓመት ቲኬት ሽያጭ መጀመሩን ለእህቴ ገና አልነገርኳትም።