ሽሮ ተሸክሞ ባርዶሊኖ

ነሐሴ ሲገባ ሙኒክ የሚኖር ሐበሻ ሁለት ነገር ያስጨንቀዋል፤ ፍልሰታና ጋርዳ። ፍልሰታን እናውቃታለን። ጋርዳ ደግሞ የጣልያን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ጀርመኖች ከአባታቸው የወረሱት ይመስል በየበጋው ይጎርፉበታል። ከጀርመን ጋር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ዕረፍት መውጣትን ከነሱ መልመዱ አይቀርም። አለበለዚያ ጎረቤት ደረጃ ላይ አግኝቶት «ዘንድሮስ የት ናችሁ?» ሲለው «ቤት ነን» ብሎ መመለስ ይመጣል። ይህን ከመመለስ መበደር ይሻላል የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ዘመዶቼ ናቸውና ስማቸውን አልጠራም። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ አያት፣ ከዕቃው ጋር ተጣጥፌ ደግሞ እኔ። መድረሻችን በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ያለችው፣ ስሟን ለወይን ጠጅ የሰጠችው ባርዶሊኖ ናት። ከሙኒክ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ችግሩ ኪራይ ቤቶቹ አብዛኞቹ የሚያዙት ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሙኒክ ሕዝብ በሙሉ ወደ ጣልያን በሚያሻግረው የብሬነር መንገድ ላይ መቆሙ ነው። ኦስትሪያ ለመንገዷ ተለጣፊ ትሸጣለች፤ ለብሬነሩ መንገድ ደግሞ ለብቻው ታስከፍላለች። ጣልያን ሲገቡ ትኬት ይሰጥና መውጫው ላይ ሂሳቡ ይጠብቃል። በየኬላው አባት ቦርሳውን ሲያወጣ አያት ያማትቡ ነበር።

የመኪናው ኋላ ሌላ ጉድ ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ እንጀራ፣ ሁለት ዓይነት ድስት። ከሁሉ የገረመኝ ጀበናው ነው፤ ጣልያን አገር ቡና ተሸክሞ መሄድ! አያት ግን ምክንያት አላቸው። «የነሱ ቡና አንድ ጉንጭ ነው፤ አቦሉን ፉት ብለው ይነሣሉ። ቶና የለው፣ በረካ የለው። ወሬው መቼ ሊወራ ነው?» ለዚህ መልስ ያለው ጣልያናዊ እስካሁን አላገኘሁም።

ደርሰን ምግብ ቤት ስንገባ «ቋንቋው ለኔ ተዉት» ያለው አባት ነው። ልጅነቱ ጋራዥ ውስጥ ነው ያለፈው፤ ጣልያንኛውም ያው የጋራዡ ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ካቻቪቴ። የአስተናጋጁ መኪና ተበላሽታ ቢሆን ኖሮ ሲግባቡ በዋሉ። ሰውዬው ግን የያዘው የምግብ ዝርዝር ነበር። ደግነቱ የባርዶሊኖ አስተናጋጅ ጀርመንኛ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ልጆቹ አዘዙልን።

ጦርነቱ የተነሣው በዓሣ ነው። አስተናጋጁ ከሐይቁ የወጣ ላቫሬሎ የሚባል ዓሣ እንዳለ ሲናገር ገበታው ለሁለት ተከፈለ። እናት «የኛ ቄስ ዓሣ ይቻላል ብለዋል» አለች። አያት «የናንተ ቄስ ጀርመን አገር ናቸው» ብለው ዘጉት። ትንሹ ልጅ ዓሣ ሥጋ መሆን አለመሆኑን በጀርመንኛ ጠየቀ፤ አስተናጋጁም በዚህ ጉዳይ ሐሳብ ሊሰጥ ከጅሎ ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ስፓጌቲ በቲማቲም በላ፤ ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር የተነዳው ፍርፍር ሊተካ ለሚችል ምግብ ነው። አያትን ያስደሰታቸው የአገሩ የወይራ ዘይት ብቻ ነው፤ ያለጥርጥር የጾም ነው። የወይን ጠጁን ጉዳይ ግን በነሐሴ ጾም ማንም አላነሣውም። ለምን እንዳልተነሣ ልብ ይሏል።

በወይን ጠጁ ነገር አባትን መመልከት ራሱን የቻለ መዝናኛ ነው። ባርዶሊኖ ቀይ ቢባልም ፈዘዝ ያለ ነው። ዋናው ወይኑ ኮርቪና ይባላል፤ የሚበቅለውም የጥንት የበረዶ ግግር ጠርጎ በተዋቸው ጠጠራማ ኮረብቶች ላይ ነው። በበጋ ቀዝቀዝ ብሎ ቢጠጣ ይወደዳል። አባት የለመደው ጥርስ የሚያጠቁር ቀይ ነውና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ «ይሄ ተበርዟል» አለ። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ጀርመኖች ሲያሽከረክሩና ሲያሸቱ ሲያይ ግን ሐሳቡን ለወጠ። አሽከረከረ፣ አፍንጫውን ነከረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ቼሪ ይሸተኛል» አለ። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ በጀርመንኛ የተጻፈው እንደዚያው ነበር። እናት ያዘዘችው ኪያሬቶ፣ ከዚያው ወይን የሚወጣው ሮዝ ዓይነት፣ የተመረጠው ፎቶ ላይ ስለሚያምር ነው፤ በረዶው እስኪቀልጥ ተነሥቶ፣ ተነሥቶ፣ ከዚያ ለኔ ተሰጠኝ።

ሂሳብ ሲመጣ «ኮፐርቶ» የሚል መስመር አለበት። ለተቀመጣችሁበትና ለቀረበው ዳቦ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ነው፤ ዝርዝሩ ላይም ታች ተጽፏል። አባት ግን ቁጭ በማለቱ ሲከፍል ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ያልተነካውን ዳቦ አስጠቅልሎ ወጣ። ይኸው ሰውዬ በማግስቱ ከኑረምበርግ የመጡ ሐበሾች መንገድ ላይ አግኝቶ (ሐይቅ ዳር ሐበሻ ሐበሻን ያጣበት ቀን የለም) ለአስራ አንድ ሰው አይስክሬም «እኔ ነኝ የምከፍለው!» ብሎ እጅ ተያይዞ ታገለ፣ አሸነፈም። ሲያሸንፍ ፊቱን አየሁት። ተሸናፊው የተሻለ ደስ ብሎት ነበር።

ነሐሴ 9 ቀን፣ በፈረንጁ ኦገስት 15፣ ከተማዋ ቀውጢ ሆነች። ጣልያኖች ፌራጎስቶ ይሉታል፤ በቤተ ክርስቲያናቸው የእመቤታችን ዕርገት ነው። እኛ ለእሷው ስንጾም እነሱ ለእሷው ሥጋ ይጠብሳሉ። ሽታው በረንዳችን ላይ ሲመጣ ትልቁ ልጅ «አያቴ፣ ማርያም ለነሱ ቀድማ ነው እንዴ ያረገችው?» ብሎ ጠየቀ። አያት መስኮቱን ዘጉ።

ጎረቤታችን ጀርመን ሐይቁን ሲያደንቅ አባት ዝም ሊል አልቻለም፤ «ጣናን ብታይ!» አለ። እውነት አለው፤ ጋርዳ 370 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጣና ስምንት እጥፍ ይሰፋል። ትንሹ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ጥልቀቱን አነበበ፤ ጋርዳ 346 ሜትር፣ ጣና 15 ሜትር እንኳ የማይሞላ። ዝም ተባለ። ከዚያ ጀርመኑ ጣና እንዴት ያለ አገር እንደሆነ፣ ወደ ገዳማቱ በጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ይጠይቅ ጀመር። አባት ባሕር ዳርን አይቶ አያውቅም። አያትም አላዩም። እኔም ሐይቁን እያየሁ ነው ጥያቄው ያለፈው።

በጀልባ ወደ ማዶ፣ ወደ ሳሎ የተሻገርን ዕለት ግን ቀልዱ ትንሽ ቆመ። ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ጀርመኖች ሲያስፈቱት፣ ከ1943 እስከ 1945 (እ.ኤ.አ.) ለስሙ መንግሥት ያቋቋሙለት በዚህ ዳርቻ ነው። ይኖርበት የነበረው ቪላ ከሳሎ ወደ ሰሜን ጋርኛኖ ላይ አሁንም አለ፤ የሀብታም ሆቴል ሆኗል። ትንሹ ልጅ ይህን ሲያነብ የአርበኛ ልጅ የሆኑት አያት «አዳሩ ስንት ነው?» አሉ። ተነገራቸው። «አባቶቻችን እኮ በነፃ ነው ያባረሩት» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። እናት ለፎቶ ሰሜኑን ከጀርባቸው አድርገው እንዲቆሙ ስትለምናቸውም እንቢ አሉ፤ «ለዚያ ሰውዬ ጀርባዬን ሰጥቼ አልነሣም።» በዚያ ሳምንት የሰማሁት የወይን ጠጅ ያልነካው ብቸኛው ንግግር ይህ ነበር።

ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ እንዲህ ዐርፈን፣ ሽሮው ግማሹ ተመልሶ፣ ብሬነር ላይ እንደገና ቆመን ገባን። ሰኞ አባት ሥራ ሲገባ ለማረፍ የገባ ይመስል ነበር።

ለከርሞ ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባርዶሊኖዎች የወይን በዓላቸውን የሚያከብሩት በነሐሴ አይደለም፤ በፈረንጁ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር መግቢያ፣ በኛ መስቀል ሰሞን ነው። ፍልሰታ ተፈትቷል፣ ሕዝቡ ቀንሷል፣ ስለ ዓሣ የሚጣላ አይኖርም። የባየርን ትምህርት ቤቶች ግን እንቁጣጣሽ አካባቢ ይከፈታሉ፤ ስለዚህ ልጆቹን ለአያት ትታችሁ ሂዱ፣ አያት የሚስማሙ ከሆነ።