መሰላል የያዘ ወደ ላይ አያይም

በወሎ ወንድ እንግዳ ቤት ሲገባ ከቡናው በፊት ሽርጥ ይቀርብለታል። ከመንገድ የመጣ ሰው ሱሪ እንደታጠቀ ቢቀመጥ ቶሎ ሊሄድ ያሰበ ይመስላቸዋል። በሐምሌ ወር ገራዶ ስገባም የወዳጄ አባት ሼሁ ሰላምታውን ሳንጨርስ ከሣጥን አንድ ሰማያዊ ሽርጥ አውጥተው ጭኔ ላይ ጣሉልኝ። ወዳጄ ራሱ ዓረብ አገር ነው፤ «ደሴ ከሄድክ ወላጆቼን ሳትጠይቅ እንዳትመለስ» ብሎ አደራ ያለኝ እሱ ነው። ሽርጡንም የላከው እሱ ነው።

«ይችን አገልድምና አረፍ በል፤ አብሽር» አሉኝ።

እውነትም ማረፍ ያስፈልገኝ ነበር። ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ላቤን እየጠረግሁ ተሳፍሬ፣ የሀረጎን ጠመዝማዛ ጨርሼ ደሴ ስደርስ ሹራብ ያማረኝ ሰው ነኝ። 25 ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ተወጥቶ የአየሩ ጠባይ እንዳለ ይለወጣል። ገራዶ ደግሞ ከጦሳ ተራራ ወዲያ፣ ከደሴ በስተምዕራብ የተንጣለለ ሸለቆ ነው። ስሙን በዘፈን ያልሰማ ካለ ሬዲዮ የለውም። እኔ የሰማኋቸው ዘፋኞች ግን ስለ ልጃገረዶቹ ሲያወሩ ውለው ያድራሉ እንጂ ስለ ንፋሱ ትንፍሽ አላሉም።

ቀሚስ የሚለብስ ወንድ ሲባል የዓለም ሕዝብ ትዝ የሚለው ስኮትላንዳዊ ነው። የእሱ ኪልት ሰባት ሜትር ገደማ የሱፍ ጨርቅ ይበላል፤ በቆዳ ጠፍርና በዘለበት ይጠበቃል፤ ፊት ለፊቱ ላይም ክብደት የሚሰጠው ትልቅ መርፌ ቁልፍ ይሰካበታል። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1746 በሕግ ቢከለክለውም ስኮትላንዳውያንን ሊያስረሳቸው አልቻለም፤ በ1782 ሕጉ ራሱ ተሻረ። የእኛ ሽርጥ ሁለት ሜትር ያህል ስስ ጨርቅ ናት። ዘለበት የላት፣ ቁልፍ የላት። ወገብ ላይ ተጠቅልላ ጫፏ ይሸጎጣል፤ የባለቤቱ ክብር በሙሉ ያለው እዚያች ጥቅል ላይ ነው። ለቡናና ለጨዋታ ከዚህ የሚሻል ልብስ አልተሰፋም። ጣሪያ ላይ ለመውጣት ግን ማንም አስቦ አልሠራትም።

አቦሉ ሳይቀዳ ሼሁ ደጅ ወጥተው ጦሳን አዩት። ጦሳ ግማሹ የለም፤ ከወገቡ በላይ ያለውን ጥቁር ደመና ወስዶታል። ዶሮዎቹም ያለ ሰዓታቸው ቆጥ ላይ ናቸው።

«ይቺ ባዶ እጇን አትመጣም» አሉ ሼሁ። «ንፋስም በረዶም ይዛለች።»

ትንበያው ይኸው ነበር። የሜትሮሎጂ ባለሙያ ቢሆን «የመከሰት ዕድሉ ከፍተኛ ነው» እስኪል ድረስ ጥጆቹ ይረጥቡ ነበር።

አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሀሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሰዉ መስኮቱን በኮምፔንሳቶ ይመታል፤ የታሸገ ውሃና የሽንት ቤት ወረቀት ገዝቶ ያከማቻል፤ ከዚያም መኪናውን አስነስቶ ከተማውን ይለቃል። የሼሁ ባለቤት እማማ ግን ከሁሉ በፊት ያረጋገጡት ቡናው፣ ዕጣኑና ከሰሉ መኖሩን ነው። ቀጥሎ ኩበቱ ገባ። ከኩበቱ በኋላ ጥጆቹ ገቡ። እኔ የታሰብኩት ከጥጆቹ በኋላ ነው፤ እሱም ለሽርጡ ሲባል። «ይቺ የልጄ ስጦታ ንፋስ ላይ አትወጣም» ብለው ቀዳዳዋ የበዛ አሮጌ ሽርጥ ሰጥተው አስቀየሩኝ።

ለካ ደንብ ኖሯል። ተጠርተው የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ሽርጥ ለባሾች ናቸው፤ አንዱ ግን ግቢው በር ላይ ደርሶ ወገቡን አየት አደረገና ተመለሰ። ስኮትላንዶች በጨርቁ መስመር ጎሣ ይለያሉ ይባላል። እዚህ የሚለየው ከባቲ የሰኞ ገበያ የተገዛውና ከባሕር ማዶ የተላከው ነው። ሰውየው የተላከውን ቤቱ አኑሮ የባቲውን አገልድሞ መጣ።

የሼሁ ቤት ክዳን 32 ጌጅ ቆርቆሮ ነው፤ ስስ ነው ማለት ነው። ወፍራሙ 28 ጌጅ ዋጋው አይቀመስም። ንፋስ በላዩ ሲያልፍ ስስ ቆርቆሮ ወደ ላይ ይሳባል፤ በበሩና በክፈፉ ሥር ሾልኮ የገባው ንፋስ ደግሞ ከውስጥ ይገፋዋል። ሁለቱ ከተባበሩ ሚስማር ብቻውን አይችላቸውም። ስለዚህ በንፋሱ በኩል ያለው በር ይጠረቀማል፤ አፈር የተሞሉ የማዳበሪያ ከረጢቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው በገመድ ይያያዙና በጣሪያው ግራና ቀኝ እንደ አህያ ጭነት ይንጠለጠላሉ። ድንጋይ የሚጭንም አለ። ሼሁ ድንጋይ አይወዱም፤ «ድንጋይ በንፋስ ከተነሣ ጠላት ነው፤ አፈር ቢወድቅ አፈር ነው» ይላሉ። ከታች ቦይ የሚቆፍር ቆፈረ፤ አሸንዳው ሥር በርሜል የሚደግን ደገነ፤ የገለባውን ክምር በሸራ የሚያለብስ አለበሰ።

ለእኔ የደረሰኝ መሰላል መያዝ ነው። አንድ ወጣት ጎረቤት ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ የመጀመሪያውን እርከን ሲረግጥ ሼሁ ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፣ መሰላል የያዘ ወደ ላይ አያይም።»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ይህን ያህል ግልጽ አንቀጽ ያለው አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ስለ ጣሪያው ሥራ የማውቀው በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው። ዓይኔ የነበረው ጫማዬ ላይ ነው። መጀመሪያ መዶሻ ሰማሁ። ቀጥሎ ንፋሱ ደረሰ፤ ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ገመዱን ሳበው!» አሉ ሼሁ።

«በየትኛው እጄ?»

«በቀኝህ!»

«ቀኜ ሽርጥ ይዟል!»

«በግራህ ነዋ!»

«ግራዬ ቆርቆሮ ይዟል!»

እማማ ከበሩ ብቅ ብለው ፈረዱ። «ቆርቆሮውን ያዝ አንተ ልጅ! አንተን እንደሆን ሕፃን ሳለህ አጥቤሃለሁ፤ ዕዳው ያላለቀው ቆርቆሮው ነው!»

ጥቂት ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ አንድ ባለ መስመር ጨርቅ ጆሮዬን ገርፎኝ አለፈ። ወደ ላይ አላየሁም። ልጁ ሲወርድ በቁምጣ ነበር፤ ጣሪያው ግን ከነሙሉ ቆርቆሮው በቦታው አለ። ስኮትላንዶች «ከሥሩ ምን ትለብሳላችሁ?» እየተባሉ ሲጠየቁ መልሱን ምሥጢር ያደርጉታል። በገራዶ ምሥጢር የለም። «ቁምጣ ነዋ፤ ሐምሌ ላይ ያለ ቁምጣ ማን ያገለድማል?» አለኝ ልጁ፣ ሽርጡ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ላይ ሲውለበለብ እያየ።

ከዚያ በረዶው መጣ። በረዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ መነጋገር የማይታሰብ ነው፤ አቦሉን በጥቅሻ ጠጣን። ቶናው ላይ ጋብ ሲል ስለ ሀሪኬን የማውቀውን አወራኋቸው። በክረምት በኢትዮጵያ ደጋና በዳርፉር ተራሮች ላይ የሚቆለለው ነጎድጓድ አየሩን ያናውጠዋል፤ መናወጡ ሞገድ ሆኖ ሱዳንንና ቻድን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ይጓዛል፤ በሳምንት ገደማም አትላንቲክ ይደርሳል። አብዛኛው እዚያ ይበተናል። ጥቂቱ የባሕሩን ሙቀት ጠጥቶ ሀሪኬን ይሆናል። ብርቱ ከሚባሉት የአትላንቲክ ሀሪኬኖች ከመቶ 85 ያህሉ የሚጀምሩት ከአፍሪካ በሚወጣ እንዲህ ባለ ሞገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሣውን አልቤርቶ የተባለ ሀሪኬንማ ተመራማሪዎች ዱካውን ወደ ኋላ ሲከተሉ በዚያው ሐምሌ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተቆለለ የነጎድጓድ ደመና ዘንድ አድርሷቸዋል።

ሼሁ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እና ከእኛ ጋ ልጅ ሆኖ ወጥቶ እዚያ ነው የጎረመሰው?»

«አዎ አባባ።»

«ተመልሶ ጠይቆን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ውጭ የሄደ እንዲሁ ነው። የእኔው እንኳን ሽርጥ ልኳል።»

አልቤርቶ ሦስት ሳምንት ያህል ውቅያኖሱ ላይ ሲዞር ከርሞ የማንንም ጣሪያ ሳይነካ እንደጠፋ ስነግራቸው እማማ «የጨዋ ልጅ ነው» አሉ። ካቲያን ግን አልወደዷትም። እሷም ከአፍሪካ ዳርቻ በወጣ ሞገድ ተጀምራ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ቅሪቷ ስኮትላንድ ድረስ ሄዶ መብራት አጥፍቷል፣ ዛፍ ጥሏል።

«የእነሱንም ሽርጥ ወሰደች?» አለ ልጁ በተስፋ።

«የእነሱ ዘለበት አለው።»

ከዚያ በኋላ እስከ በረካው ድረስ አልተናገረም።

ለሀሪኬን ስም የሚያወጣው የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ነው። ለአትላንቲክ 21 ስም የያዙ ስድስት ዝርዝሮች አሉት፤ በየስድስት ዓመቱ ተራ በተራ ይመለሳሉ። ስሞቹ የእንግሊዝ፣ የስፔንና የፈረንሳይ ናቸው። በላቲኑ ፊደል በኪው፣ በዩ፣ በኤክስ፣ በዋይና በዜድ የሚጀምር ስምም አይቀበሉም። በዚህ ሕግ ይማም ወደቀ፣ ዩሱፍ ወደቀ፣ ኡመር ወደቀ፤ ዘይነባና ዘሀራም ወደቁ። ወሎ ላይ ተነጣጥሮ የወጣ ነው የሚመስለው። ቢሆንም መላ አይጠፋም። አልቤርቶ ከዝርዝሩ አልተሰረዘም፤ እ.ኤ.አ. በ2030 የዓመቱ የመጀመሪያ ስም ሆኖ ይመለሳል። ድርጅቱ እስከዚያ ጊዜ ስላለው ቦታውን ለአሊ እንዲለቅለት በገራዶ ሽርጥ ለባሾች ስም እጠይቃለሁ። ፊደሉ ያው ኤ ነው፤ ስሙ አጭር ነው፤ የትውልድ ስፍራውም ይታወቃል።