ሁሉም እምቢ ይላል

ሰሞኑን ደብረ ታቦር ውስጥ ስለ አቻ ግፊት የሚሰጥ ትምህርት ላይ ተገኝቼ ነበር። መምህሩ ርዕሱን በትልቁ ጻፉና «ጓደኞቻችሁ ወደ መጥፎ ነገር ሲገፏችሁ ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እምቢ!» አለ። «አልሰማሁም!» «እምቢ!» መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አንዱ ልጅ አፉን እንደዘጋ ቀረና መምህሩ አዩት። «አንተስ? ሌላው ሲል አንተ ለምን አትልም?» ልጁም አለ። ትምህርቱ ግቡን መታ።

በዚያው ክፍል ፊት ወንበር ላይ፣ ለሦስት በተሠራው፣ አንድ ልጅ ብቻውን ተቀምጧል። አልቢኒዝም አለበት። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ተነሥቶ አፍንጫው ጠመኔውን እስኪነካ ይጠጋል፤ ያነበበውን በቃሉ ይዞ ተመልሶ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል፤ ደግሞ ይነሣል። በተነሣ ቁጥር ከኋላ ሳቅ ይሰማል። ስሙ «ፈረንጁ» ነው። ማን እንዳወጣለት ብጠይቅ ሁሉም «እነሱ ናቸው» አሉኝ። እነማን? «ሌሎቹ።» እንደ ቡሄ ጭፈራ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል፤ ልዩነቱ እዚህ አውጪው አለመታወቁ ነው። (ነሐሴ 13 የሚከበረው ቡሄ ጌታ በታቦር ተራራ መልኩ የተለወጠበት ዕለት መሆኑን እዚህ ላይ ማንሣት ምናልባት ነገር ፍለጋ ይሆንብኛል።)

አልቢኒዝም እርግማንም ተላላፊ በሽታም አይደለም። ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ሲያንስ ወይም ሲጠፋ የሚመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ ከእናትም ከአባትም በውርስ ይገኛል፤ ሁለቱም እንደ ማንኛችንም ጠይም ሊሆኑ ይችላሉ። የዓይን ችግሩም ከዚያው ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ያታልላል እንጂ ከፍ ባሉ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል። ስለዚህ ልጁ ሰፊ ባርኔጣ ያስፈልገዋል። ባርኔጣ ግን ዩኒፎርም አይደለምና በር ላይ ያስወልቁታል። እኩልነት ማለት ይኸው ነው፤ ሁሉም እኩል በፀሐይ ይቆማል።

ከሁሉ የገረመኝ ከከተማው አጠገብ በጋፋት የሚታየው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበትን ቦታ ለማየት እውነተኛ ፈረንጅ ሲመጣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይከተለዋል፤ እጁን ለመያዝ፣ አብሮት ፎቶ ለመነሣት ይጋፋል። ያንኑ የቆዳ ቀለም ይዞ እዚሁ የተወለደው፣ እንደ እነሱ ድንችና እንጀራ በልቶ ያደገው ልጅ አጠገብ ግን የሚቀመጥ ጠፋ። ቀለሙ ችግር የሚሆነው ቪዛ ከሌለው ነው ማለት ነው።

ከብዙኃኑ ጋር መሳሳት የልጆች ብቻ አይደለም። ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጥናት ለአዋቂዎች መስመሮችን እያሳየ የትኞቹ እኩል እንደሆኑ ይጠይቅ ነበር። በእያንዳንዱ ቡድን አንዱ ብቻ እውነተኛ ተፈታኝ ነው፤ ሌሎቹ ሆን ብለው እንዲሳሳቱ የተመከሩ ናቸው። ከአራት ተፈታኞች ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከጉባኤው ጋር ተሳሳቱ። ከሌሎቹ መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን ተፈታኙም ልብ አገኘና ስሕተቱ እጅግ ቀነሰ። ስለዚህ ያ ብቻውን የተቀመጠ ልጅ አርባ ጓደኛ አያስፈልገውም፤ አንድ ሰው ዝም ብሎ ሄዶ አጠገቡ ቢቀመጥ ይበቃል። ችግሩ ያ አንድ ሰው ከየት ይምጣ ነው። ከእኛ ቤት? እኛ እኮ ለልጅ ሠርግ ተበድረን ሦስት ቀን የምንደግስ፣ ዕዳውን ግን ሦስት ዓመት የምንከፍል ሰዎች ነን፤ ለምን ሲሉን «ሰው ምን ይለናል» የምንል። የአቻ ግፊትን ለልጆቻችን አስተማሪ ቀጥረን እናስጠናለን፤ ራሳችን ግን ይሉኝታ ብለን ከፍ አድርገን እንጠራዋለን።

የማውቃት አንዲት እናት ግን በዚያ ክፍል የሚማር ልጇን መከረች። «አብረኸው ተቀመጥ፣ እሱም የእግዜር ፍጥረት ነው» አለችው። ልጁ ደስ አለው፤ ቅዳሜ ቤት ላምጣው ወይ ብሎ ጠየቀ።

«አምጣው የኔ ልጅ። ውኃ ግን በአንድ ኩባያ እንዳትጠጡ።»

«እማዬ፣ ይተላለፋል እንዴ?»

«ኧረ አይተላለፍም! ጎረቤት እንዳያይ ብዬ ነው።»