ክብር ለአንበሳ ላሜራ

በመቐለ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ውኃው በፈረቃም ባይመጣ ይችለዋል፤ በበሩ ግን አይደራደርም። ዓዲ ሓቂ ሂዱ፣ ዓይደር ሂዱ፤ የላሜራ በሩ ላይ ሁለት የአንበሳ ፊት፣ ከላይ ወርቅማ ቀለም የተቀቡ ጦሮች፣ በመሃል የወይን ሐረግ ታያላችሁ። ከኋላው ደግሞ ልስን ያልነካው የብሎኬት ቤት ቆሟል። ይህን የገንዘብ እጥረት የሚሉ አሉ። እኔ ቅደም ተከተል ማወቅ እለዋለሁ። ቤቱን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ በሩን ግን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል።

የሚያሳዝኑኝ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። እዚሁ ከተማ ቤተ መንግሥት ሲያሠሩ ያገኙት ጂያኮሞ ናሬቲ የሚባል ጣሊያናዊ አናጺ ነው፤ ላሜራ የሚያጥፍ በያጅ ገና አልተወለደም ነበር። ህድሞ የሚባለውን የድንጋይ ቤት የሠሩ አያቶቻችንም ያው ናቸው። ግድግዳውን በድንጋይ አወፍረው፣ በሩን ከእንጨት አበጅተው፣ ቀን ሙቀት ሌሊት ብርድ እንዳይገባ ሲጨነቁ ኖሩ። የኛ በር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት እጅ አያስነካም። ነፋስ ሲነሳማ ሌላ ጸጋ አለው፦ ከከተማው ወጣ ብሎ አሸጎዳ ላይ የተተከሉት ተርባይኖች 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ የኛ ላሜራ ከዚያው ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ነጎድጓድ ያመነጫል።

አንድ ዘመዴ በር ሲያሠራ ተከትዬው ሄጄ፣ በያጁን «ትንሽ ቀለል ያለ የለህም?» አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ ገረመመኝና «ሓወይ (ወንድሜ)፣ ቀላል በር ለቀላል ሰው ነው» አለኝ። ዘመዴ ወዲያው አንበሶቹን ከሁለት ወደ አራት አሳደጋቸው።

ታላቁ በረከት ግን ማንኳኳቱ ላይ ነው። በጣት ብታንኳኳ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው አይሰማህም። ደወሉ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ ደግሞ የራሱ ፕሮግራም አለው። ስለዚህ ቡና የተጠራ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳል። ድንጋዩ ቀለሙን ይልጠዋል፤ ባለቤቱ «በድንጋይ ማንኳኳት ክልክል ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ጽሑፉ ላይ በድንጋይ ይንኳኳል። ይህ የማንኳኳት እውቀት ገና እያደገ ነው። የአካባቢያችን ነጭ የኖራ ድንጋይ ቶሎ ይፈረፈራል፤ ለቁም ነገር ጥቁር ድንጋይ ይመረጣል። ልጆች እየወሰዱ ስላስቸገሩ ድንጋዩን በሽቦ ከበሩ ጋር ያሰሩ አርቆ አሳቢዎች አሉ። አመታቱም ቋንቋ ሆኗል። ሁለቴ ረጋ ብሎ የተመታ የዕድር ጥሪ ነው። ደጋግሞ በፍጥነት የተመታ ገንዘብ የቸገረው ዘመድ ነው። አንዴ ብቻ የተመታ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ብትወጣም አታገኘውም። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ቋንቋ ይሰማል፤ ከየግቢው «መን እዩ?» (ማን ነው?) የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ዝም የሚለው የተንኳኳበት ቤት ብቻ ነው። በመጨረሻ አሮጌ የቆርቆሮ በር ያላቸው ጎረቤት ወጥተው «ና ግባ፣ እነሱ አይሰሙም» ይሉሃል፤ ቡናውን እዚያ ትጠጣለህ። በቅርቡ ባለሙያ አንኳኪዎች ተደራጅተው ንግድ ፈቃድ እንደሚያወጡ አልጠራጠርም። መዶሻቸውን ይዘው በቀጠሮ ይመጣሉ፣ ለማታ ሥራ ጭማሪ ይጠይቃሉ፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ። እንግዳም «ቡና ስንት ያስወጣል?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቃል።

ቢከፈትልህም የሚከፈተው ከትልቁ በር የተቀደደችው ትንሿ በር ናት። ትልቁ ለመኪና ነው፤ መኪናው ገና አልተገዛም። ስለዚህ ጎንበስ ብለህ፣ እግርህን ከፍ አድርገህ ደፉን ትሻገራለህ። ቁመተ ረጅም ሰው ለአንበሶቹ እጅ ሳይነሳ የሚገባበት መንገድ የለም።

ሌባስ? ትሉኝ ይሆናል። ሌባ አለ፤ ከትግራዩ ጦርነት ወዲህ ስርቆት መበራከቱን አልክድም። ታዲያ የበር ጥንካሬ ያለው በማጠፊያው፣ በመቃኑ አተካከልና በቁልፉ ላይ እንጂ በአንበሳው ጎፈር ላይ አይደለም። ከበሩ አጠገብ ያለው አጥር ደረት ላይ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ሆኖ ሳለ በሩን በወርቅ ቀለም መቀባት፣ ለሌባው «እዚህ ቤት ገንዘብ አለ፣ በዚያ በኩል ዝለል» ብሎ አድራሻ መስጠት ነው።

ከዚህ በላይ ማሾፍ አልችልም። ይህ በር ለጥበቃ የተሠራ አይደለም፤ ጎረቤትን ለማሳነስ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በቆየው በዚያ ጦርነት፣ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክና መብራት ተቋርጦ በከረሙት ወራት ብዙ ቤት ያደረው መቀርቀሪያ ስለነበረው አይደለም። ዱቄት ያለው ለሌለው በር አንኳኩቶ ስላካፈለ ነው። ያን ያየ ከተማ ጣት የማይሰማ በር ሲያሠራ ያናድደኛል።

በር ልትመርጡ ከሆነ እናታችሁን ይዛችሁ ወደ በያጁ ሂዱ። በአንድ እጃቸው ከከፈቱት ግዙት፤ ካቃታቸው ተዉት። መቃኑ ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር በደንብ ይታሰር፣ ማጠፊያው ወደ ውስጥ ይሁን፣ ጥሩ ቁልፍ ይግባለት። በአንበሶቹ ዋጋ ሮቶ ግዙበት። ውኃ የጠፋ ቀን ጎረቤት ጄሪካን ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ለክብራችሁ ምስክር የሚሆን ሰው ታገኛላችሁ።