ድርሳነ ብስክሌት፦ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሁለት ጎማ ስለ መውረድና ስለ መመለስ የቀረበ ሐተታ

መቅድም

ስለ ብስክሌት ጉዞ እስከ ዛሬ የተጻፈው ሁሉ የተጻፈው ለሜዳ ሰው ነው። ፈረንሳዊው በሎዋር ወንዝ ዳር ብስክሌቱን ያንከባልላል፤ በአንዱ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቁርሱን፣ በሌላው ምሳውን ይበላል፤ ሲመሽ ደግሞ “ተጓዝሁ” ይላል። ጎዳናው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርዝመቱን አንነፍገውም። ነገር ግን ያን ሁሉ መንገድ ወንዙም አብሮት ሄዷል፤ ወንዙን ግን ጎበዝ ያለው የለም።

እኛ ይህን ጉድለት ለማረም ተነሥተናል። ይህ ድርሳን የሚያስረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ብስክሌተኛውን ትንፋሽ የሚያሳጣው ዳገትና የሸዋን መንግሥት ያጸናው ዳገት አንድ መሆናቸውን ነው። የቀረው ሁሉ ማስረጃ ነው። ሰላም ከሌለ ግን ማስረጃውን ሄዶ ማየት አይቻልምና፣ ሐተታችን የሚሠራው መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ነው።

ምዕራፍ አንድ፦ ስለ መነሻው ከፍታ

እ.ኤ.አ. በ1903 የተጀመረው ቱር ደ ፍራንስ በታሪኩ ከወጣቸው ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ቦኔት ይባላል፤ 2,802 ሜትር ነው። እዚያ የደረሰ ጋላቢ ይጨበጨብለታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል። ደብረ ብርሃን የተቀመጠችው ደግሞ በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ በፈረንሳይ የጀግና መጨረሻ የሆነው ከፍታ በደብረ ብርሃን የጉሊት ቦታ ነው፤ ሴቶቹ ተቀምጠው ሽንኩርት ይሸጡበታል፣ የሚያጨበጭብላቸውም የለም። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ግልጽ ነው፦ የሰሜን ሸዋ ብስክሌተኛ ገና ፔዳሉን ሳይረግጥ ፈረንሳይን ጨርሷል።

ከተማዋ ስለምን በዚህ ብርድ ላይ ተቆረቆረች ቢሉ፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት ካስወገሩ ከ38 ቀን በኋላ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም የፈጣሪ ምልክት ነው ብለው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥት ተከሉ፣ ከመጨረሻዎቹ 14 ዓመታቸውም 12ቱን በዚያው ኖሩ። አንድም፣ ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ የኋላ ዘመን ሊቃውንት አሉ። የሃሌ ኮከብ በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል። ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል የለቀቀ ብስክሌተኛ ግን መቼ እንደሚመለስ የሚያሰላ የሥነ ፈለክ ሊቅ እስካሁን አልተገኘም።

ስለ ስንቅ ጥቂት እንበል። ፈረንጅ በላስቲክ የታሸገ ጣፋጭ ሙጫ እየመጠጠ ይነዳል። የአገሬው ስንቅ በሶ ነው፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ከአካባቢው ማሳ የመጣ። በውሃ መያዣ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨምረው፣ ጨውና ጥቂት ስኳር አክለው፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ሲያናውጡት መጠጥም ምግብም ይሆናል። ክዳኑን ያላጠበቀ ሰው ግን በሶውን በሱሪው ይጠጣል። የደብረ ብርሃን አረቄ ከስንቅ አይቆጠርም፤ ቁልቁለቱ ብቻውን ይበቃል።

ምዕራፍ ሁለት፦ ስለ ጎዳናው ጠባይ

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር አሳሳች ስለሆነ አንባቢ እንዳይታለል አደራ እንላለን። በዚህ አገር ኪሎ ሜትር የሚለካው ለነጂ ነው፤ ለእግር የሚለካው ከፍታ ነው። ጎዳናው በገብስና በባቄላ ማሳ፣ በድንጋይ ካብና በበጎች መካከል እያለ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ወደ አንኮበር ከመውረዱ በፊትም ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብስክሌተኛው ሦስት ጊዜ ሲተነፍስ ሁለቱ ይደርሰዋል፤ ሦስተኛዋን ማን እንደሚወስዳት ተመራምረን ነፋሱን ጠርጥረናል።

በመንገዱ ሦስት ዓይነት ፈተና አለ። የመጀመሪያው የእረኛ ውሻ ነው። የሚሮጥ ጎማ ያሳድዳል፤ የቆመ ጎማ ምን እንደሚደረግ ግን አያውቅም። ስለዚህ ወርዶ መቆም ከመሸሽ ይሻላል። ሁለተኛው ሕፃናት ናቸው። የራስ መከላከያ ያደረገን ሰው ሁሉ፣ የመንዝ ተወላጅ ቢሆንም፣ “ፈረንጅ! ፈረንጅ!” ይሉታል፤ ዜግነት በቆብ እንደሚወሰን ከዚህ እንረዳለን። ሦስተኛው ጭላዳ ነው፤ መንገድ ሲያቋርጥ በመንጋ ነው፣ ቅድሚያውም የእሱ ነው፤ ሣሩን ቁጭ ብሎ በጣቱ እየነቀለ ሲግጥ ብስክሌተኛውን ቀና ብሎ እንኳ አያየውም።

ለዚህ ምዕራፍ ዋናውን ቃል የሚሰጥልን ግን በዳገቱ ወገብ ላይ በቅሎውን እየነዳ የሚመጣ ገበሬ ነው። ብስክሌቱን የሚገፋ ሰው አይቶ በማዘን ይቆማል።

“ልጄ፣ ተበላሽታብህ ነው?”

“ኧረ ደህና ናት አባቴ፤ ዳገቱ ነው።”

“ታዲያ ሜዳውን በእግርህ ትሄደው ነበር፤ ዳገቱን ካልተሸከመችህ ለምኔ አልሃት?”

ለዚህ ጥያቄ የብስክሌት ኢንዱስትሪ ከ200 ዓመት በላይ መልስ ሲፈልግ ቆይቷል።

ምዕራፍ ሦስት፦ ስለ በቅሎና ስለ ብስክሌት ክብር

ጀርመናዊው ካርል ድራይስ ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን መግዛት ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያ መሣሪያ ፔዳል አልነበረውም፤ ፔዳሉ በፓሪስ የተገጠመለት በ1860ዎቹ ነው። በመሆኑም እንግሊዛዊው ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ለሣህለ ሥላሴ ካቀረበው ጠብመንጃና መድፍ መካከል ብስክሌት አልነበረም። ይህ የልዑኩ ጉድለት አይደለም፤ የንጉሡ ዕድል ነው። በቅሎ ዳገት ላይ ጌታዋን ትሸከማለች፤ ብስክሌት ግን ዳገት ላይ ራሷን ለጌታዋ ታሸክማለች። ንጉሥ በአሽከሮቹ ፊት ዕቃ ተሸክሞ አይታይም።

በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች ይባላል። ብስክሌትም ብትጠየቅ አጎቴ ሞተር ሳይክል ነው ማለቷ አይቀርም።

ይህን ስንል አገራችን ብስክሌት አታውቅም ማለታችን አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ፣ ወደ ሜልበርን ስትሄድ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞች ልካለች፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሁለቱም ግን ውጭ አገር ሄደው ነው የታዩት፤ የአንኮበር መንገድ እስካሁን ዳኛም ሰዓት ያዥም አልቆመበትም።

ምዕራፍ አራት፦ ነገሥታቱ ስለምን ገደል አፋፍ ላይ ሠፈሩ

ወደ ነገሩ ልብ ደረስን። የፈረንሳይ ነገሥታት ቤታቸውን በወንዝ ዳር ሲሠሩ፣ የሸዋዎቹ ስለምን አንኮበር ላይ፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ሠሩ?

ይህስ ስለምን ነው ቢሉ፤ ጠላት እንዳይወጣ። አንድም፣ ነጋዴ ሳይቀረጥ እንዳያልፍ። በዚያ ዘመን ከታጁራና ከዘይላ የሚመጣው ቅፍለት ሸቀጡን ይዞ ቆላውን አቋርጦ ከአንኮበር ግርጌ ወዳለው አልዩ አምባ ይደርሳል፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ትልቅ ገበያ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዳገት ብቻ ነው፤ ከዳገቱ አናት ደግሞ ንጉሡ። ከባሕር የመጣ መልእክተኛ ሁሉ ከታች ቆሞ ፈቃድ ይጠብቃል፤ ሲፈቀድለት ይወጣል፤ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆርጧልና ረጅም ንግግር ማድረግ አይችልም። ሃሪስ በዚህ ወጥቶ በዚያው በ1841 ኅዳር በሌላው የንጉሡ ከተማ በአንጎለላ ውል ተፈራረመ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም እ.ኤ.አ. በ1843 የራሱን ውል አገኘ። ዳገት በዲፕሎማሲ ረገድ ያለው ጥቅም በቂ ጥናት አልተደረገበትም።

እ.ኤ.አ. በ1887 የካቲት ደግሞ ሌላ ፈረንሳዊ መጣ፤ ገጣሚው አርተር ራምቦ። ከፊልሙ ራምቦ ጋር የሚያመሳስለው ጠብመንጃው ብቻ ነው፤ ሁለት ሺህ ያህል ጭኖ ነበር። ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ያን ዳገት ወጥቶ አንኮበር ቢደርስ ምኒልክ የሉም። ሐረርን ይዘው ነበር፤ መቀመጫቸውም ወደ እንጦጦ ዞሯል። ራምቦም መንገዱን ወደ እንጦጦ ቀጠለ። በአንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ምኒልክ የዳገቱን ጥቅም ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ትተውት የሄዱት መንግሥቱ ሰፍቶ አንድ አፋፍ መጠበቅ ብቻውን የማይበቃበት ዘመን ስለመጣ ነው። ከተማዋ ስትቀር ገደሉ አብሮ አልሄደም፤ እነሆ ዛሬ ቀረጥ የሚከፍለው ብስክሌተኛው ብቻ ነው፤ የሚከፍለውም በጉልበቱ ነው።

ተጨማሪ ማስረጃ፦ ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ፣ የታወቀ የአዕዋፍ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለው ስፍራ የጥናት ጣቢያ መሥርቶ በ1882 በዚያው አረፈ። በሌላ በኩል የአንኮበርን ስም የያዘችው፣ በገደሉ አፋፍ የምትኖረው ትንሿ ቡናማ ወፍ ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሊቁ ስድስት ዓመት ቢኖርም ወፊቱን አላስመዘገባትም። ምክንያቱን መርምረን አግኝተነዋል፦ አንቲኖሪ ብስክሌት አልነበረውም። በየሃምሳ ሜትሩ ቆሞ፣ መሪው ላይ ተደግፎ፣ አፉን ከፍቶ ገደሉን የሚያይ ሰው ብቻ ነው ወፍ የሚያይ።

ፍርድ

ይህን ሁሉ ተመልክተን እንዲህ በይነናል።

አንደኛ፤ ከደብረ ብርሃን አንኮበር በብስክሌት መውረድ ይገባል፤ ፍሬኑ አስቀድሞ ይታይ፣ በክረምት ጉሙ ሲወርድ ግን ማንም አይሞክረው።

ሁለተኛ፤ ጎማ የፈነዳበት ሰው ጎሚስታ ያለው ደብረ ብርሃን መሆኑን አስቦ መለጠፊያና ፓምፕ ይያዝ፤ ያልያዘ ወደ ጎረቤላ ገበያ የሚወርደውን በቅሎ ተከትሎ ይግፋ።

ሦስተኛ፤ የመልሱን ጉዞ ብስክሌቱን ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሮ መመለስ ነውር አይደለም። ራምቦም ብስክሌት ቢኖረው እንዲሁ ያደርግ ነበር።

አራተኛ፤ ይህን ድርሳን መቃወም የሚሻ ሊቅ ቢኖር ክርክሩን በጽሑፍ አንቀበልም። ከአልዩ አምባ ተነሥቶ፣ ከኮርቻው ሳይወርድ ፔዳል እየመታ፣ አንኮበር አፋፍ ላይ ይምጣና ይሞግተን። ደርሶ መናገር ከቻለ ረትቶናል።